ማርኪ ደ ላፋዬት

ዢልቤር ዱ ሞቲዬ፣ ማርኪ ደ ላፋዬት (ሴፕቴምበር 6 ቀን 1757 – ሜይ 20 ቀን 1834 እ.ኤ.አ.) ከመኳንንት ቤተሰብ የተወለደ የፈረንሳይ ጦር መኮንንና የፖለቲካ ሰው ነበር። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት፣ በ1789 የፈረንሳይ አብዮትና በ1830 የሐምሌ አብዮት ትልቅ ድርሻ ስለነበረው የሁለት ዓለማት ጀግና በሚል ስም ይታወቃል። ማርኪ የመኳንንት ማዕረግ ሲሆን ላፋዬት ደግሞ የቤተሰቡ የርስት ስም ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ላፋዬት ከለዘብተኞቹ ዋና መሪዎች አንዱ ነበር። ለዘብተኞች የሚባሉት ንጉሡ በዙፋኑ እንዲቆይ፣ ሥልጣኑ ግን በሕገ መንግሥት እንዲገደብና ሕግ የሚያወጣው የተመረጠ ምክር ቤት እንዲሆን የሚፈልጉት ነበሩ። በዚህ አቋሙ የተነሳ የንጉሡ ደጋፊዎች የመደቡ ከሃዲ ሲሉት አክራሪ አብዮተኞች ደግሞ የንጉሡ ተላላኪ ይሉት ነበር። በ1792 የአብዮቱ መንግሥት ከሃዲ ብሎ ሲያሳድደው፣ አብዮቱን የሚወጉት ነገሥታት ደግሞ አብዮተኛ ነው ብለው ከአምስት ዓመት በላይ አሰሩት።

ልደትና ወጣትነት

ላፋዬት የተወለደው በኦቬርኝ ግዛት በሚገኘው የሻቫኛክ ግንብ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ በሰባት ዓመቱ ጦርነት በሚንደን ውጊያ ላይ በ1759 ሞተ። በ1770 እናቱ ስትሞት ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ከእናቱ ወገን የወረሰው ሀብት በፈረንሳይ ከታወቁት ባለጸጋ ወጣቶች አንዱ አደረገው።

በኤፕሪል 1774 በቤተ መንግሥት ትልቅ ተሰሚነት ከነበረው የኖአይ ቤተሰብ የተወለደችውን አድሪየንን አገባ። እሱ 16 ዓመቱ፣ እሷ 14 ዓመቷ ነበር። ጋብቻው በቤተሰብ ስምምነት የተፈጸመ ቢሆንም ሁለቱ እስከ መጨረሻው ተዋደው ኖረዋል። በአማቶቹ በኩል የቬርሳይ ቤተ መንግሥት በር ተከፈተለት፤ ነገር ግን የገጠሩ ልጅ ከቤተ መንግሥቱ ወግ ጋር አልተስማማም። በአንድ ግብዣ ላይ ጭፈራው አልሆንለት ብሎ ንግሥት ማሪ አንቷኔት እንደሳቀችበት ይነገራል።

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት

ወጣቱ መኮንን የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በእንግሊዝ ላይ መነሣታቸውን ሲሰማ ለመዝመት ወሰነ። ንጉሡ ቢከለክለውም በራሱ ገንዘብ መርከብ ገዝቶ በ1777 ከስፔን ወደብ ተነሣ፤ በጁን ወርም ሳውዝ ካሮላይና ደረሰ። ያለ ደመወዝ ለማገልገል ፈቃደኛ ስለሆነ የአሜሪካ ኮንግረስ በ19 ዓመቱ የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ ሰጠው። በሴፕቴምበር 11 ቀን 1777 በብራንዲዋይን ውጊያ እግሩን ቆሰለ። ቀጥሎ የመጣውን ከባድ ክረምትም ከጆርጅ ዋሽንግተን ሠራዊት ጋር በቫሊ ፎርጅ ሰፈር አሳለፈ። ልጅ ያልነበረው ዋሽንግተን እንደ ልጁ ያየው ጀመር፤ አባቱን የማያውቀው ላፋዬትም ዋሽንግተንን እንደ አባት ያዘው። በኋላ ለበኩር ወንድ ልጁ ዦርዥ ዋሽንግተን የሚል ስም አወጣለት።

በ1779 ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ለአሜሪካኖች ተጨማሪ እርዳታ እንዲሰጥ ወተወተ። በ1780 ኤርሚዮን በተባለችው መርከብ ሲመለስ የፈረንሳይ ጦር እየመጣ መሆኑን የሚያበስር ዜና ይዞ ነበር። በ1781 በቨርጂኒያ በትንሽ ጦር የእንግሊዙን ጄኔራል ኮርንዋሊስን ሲከታተል ቆይቶ፣ ኮርንዋሊስ በዮርክታውን ተከቦ በኦክቶበር 19 ቀን እጁን ሲሰጥ ከድሉ ተካፋዮች አንዱ ሆነ።

ላፋዬት ከዚህ ጦርነት ይዞት የተመለሰው ዝናን ብቻ አልነበረም። ዋሽንግተን ጦሩን እየመራ ለኮንግረስ ሲታዘዝ አይቷል፤ ጦርነቱ ሲያበቃም በ1783 ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ እርሻው ሲመለስ ሰምቷል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ለሕግ መገዛት አለበት የሚለው እምነት በኋላ በፓሪስ ለሠራቸው ሥራዎችም ሆነ ለገጠሙት ችግሮች ምንጭ ሆነ።

ከአብዮቱ በፊት

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ላፋዬት ለተለያዩ ማሻሻያዎች ተሟገተ። በሕግ ያልታወቁት ፕሮቴስታንቶች ትዳራቸውና ልደታቸው እንዲመዘገብ ጥረት ካደረጉት አንዱ ነበር፤ ይህንን መብት የሰጠው አዋጅ በኖቬምበር 1787 ወጣ። ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ ሊወጡ እንደሚችሉ ለማሳየት በደቡብ አሜሪካ በካየን እርሻ ገዛ፤ በ1788 የተቋቋመው የጥቁሮች ወዳጆች ማኅበርም አባል ሆነ።

በዚሁ ወቅት የፈረንሳይ መንግሥት በዕዳ ተዘፍቆ ነበር። በ1787 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ የታላላቅ ሰዎች ጉባኤ ሲጠራ ላፋዬት ተገኝቶ የአገሪቱ ተወካዮች እንዲሰበሰቡ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ከቤተ መንግሥቱ ጋር አቃቃረው። ይሁን እንጂ ንጉሡ እንዲወገድ አልፈለገም። ሪፐብሊክ ለአሜሪካ እንደሚስማማ ያምን ነበር፤ ለፈረንሳይ ግን በሕገ መንግሥት የተገደበ ንጉሥ ይሻላል የሚል አቋም ነበረው።

የ1789 አብዮት

በ1789 የሦስቱ መደቦች ጉባኤ በቬርሳይ ሲከፈት ላፋዬት የኦቬርኝን መኳንንት ወክሎ ገባ። ጉባኤው ብሔራዊ ሸንጎ ከሆነ በኋላ በጁላይ 11 ቀን የሰው ልጅና የዜጋ መብቶች መግለጫን የመጀመሪያ ረቂቅ አቀረበ። ረቂቁን ሲያዘጋጅ በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ ከነበረው ከቶማስ ጀፈርሰን ጋር ተመካክሮበታል። መግለጫው ብዙ ተለውጦ በኦገስት 26 ቀን ጸደቀ።

በጁላይ 14 ቀን የፓሪስ ሕዝብ የባስቲልን እስር ቤት ሰበረ። በማግስቱ ላፋዬት ከተማዋን ለመጠበቅ የተቋቋመው የዜጎች ጦር አዛዥ ተባለ። ይህ ጦር ብሔራዊ ዘብ የሚል ስም ተሰጠው። ቀይና ሰማያዊ በሆኑት የፓሪስ ቀለማት ላይ የንጉሡ ነጭ ቀለም ተጨምሮ የወጣው ባለ ሦስት ቀለም ምልክት ከእሱ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ያንን ምልክት ዛሬ በፈረንሳይ ሰንደቅ ዓላማ ላይ እናየዋለን። ከባስቲል ቁልፎች አንዱንም ለዋሽንግተን ላከለት፤ ቁልፉ አሁንም በማውንት ቨርነን በሚገኘው የዋሽንግተን ቤት ተሰቅሏል።

አዛዥነቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሳምንት በቂ ነበር። በጁላይ 22 ቀን ሕዝቡ ፉሎን እና በርቲዬ የተባሉ ሁለት ባለሥልጣናትን ይዞ አመጣ። ላፋዬት ጉዳያቸው በፍርድ ቤት እንዲታይ ቢለምንም የሚሰማው አላገኘም፤ ሁለቱም በአደባባይ ተገደሉ። በዚህ አዝኖ ሥራውን ለቀቀ፤ የከተማው ሰፈሮች ስለለመኑት ግን ተመለሰ።

የኦክቶበር ሰልፍ

በኦክቶበር 5 ቀን 1789 በዳቦ እጥረት የተማረሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የፓሪስ ሴቶች ወደ ቬርሳይ ተጓዙ። የብሔራዊ ዘብ ወታደሮችም እንከተላለን ብለው አዛዣቸውን አስገደዱት። ላፋዬት ለሰዓታት ሲከራከር ቆይቶ፣ ያለ አዛዥ ከሚሄዱ አብሯቸው መሄድን መረጠ። እኩለ ሌሊት ገደማ ቬርሳይ ደርሶ ጥበቃውን ካደራጀ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ለማረፍ ሄደ። ሊነጋጋ ሲል ሰልፈኞች ወደ ቤተ መንግሥቱ ዘልቀው ገቡና ከንጉሡ ዘበኞች ሁለቱን ገደሉ።

ላፋዬት ደርሶ የቀሩትን ዘበኞች አስጣለ። ከዚያም ሕዝቡ አምርሮ የሚጠላትን ንግሥት ወደ ሰገነት ይዟት ወጥቶ በሁሉም ፊት እጇን ሳመ። ግቢውን የሞላው ሰው ከቁጣ ወደ ጭብጨባ ተለወጠ። በዚያው ዕለት ንጉሣዊው ቤተሰብ በሰልፈኞቹ ታጅቦ ወደ ፓሪስ ሄደና በቱይለሪ ቤተ መንግሥት ተቀመጠ።

የንጉሡ ደጋፊዎች ግን የንጉሡን ቤተሰብ ሕይወት ስላተረፈ አላመሰገኑትም። ሆን ብሎ እንደተኛ አድርገው በማውራት በእንቅልፍ አምላክ ስም ጄኔራል ሞርፌ የሚል ቅጽል አወጡለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግሥቲቱ እንደ እስር ቤት ጠባቂ ታየው ነበር። አክራሪው ጋዜጠኛ ማራ ደግሞ ላፋዬት ጦሩን ለንጉሡ ሊያውል የሚያሴር ሰው መሆኑን ደጋግሞ ይጽፍ ጀመር።

በሁለት እሳት መካከል

በጁላይ 14 ቀን 1790 የባስቲል ውድቀት አንደኛ ዓመት በሻን ደ ማርስ ሜዳ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተከበረ። ላፋዬት በብዙ መቶ ሺህ ሰው ፊት ለሕዝቡ፣ ለሕጉና ለንጉሡ ታማኝ እንደሚሆን በብሔራዊ ዘብ ስም ማለ። ዝናው ከዚህ ቀን በላይ ከፍ ብሎ አያውቅም። ችግሩ የማለላቸው ሦስቱ ነገሮች እርስ በርስ መጋጨት መጀመራቸው ነበር።

የካቲት 1791 ማብቂያ ላይ የሆነው ነገር ሁኔታውን በደንብ ያሳያል። በፌብሩዋሪ 28 ቀን ሕዝብ በከተማዋ ዳርቻ ያለውን የቫንሰን ግንብ ሊያፈርስ መነሣቱ ተሰማ። ላፋዬት ወታደር ይዞ ሄዶ ፈረሳውን አስቆመ፤ በርካታ ሰዎችንም አሰረ። በዚያው ቀን ግን ብዙ መቶ መኳንንት ንጉሡን እንጠብቃለን ብለው ጩቤና ሽጉጥ በልብሳቸው ደብቀው ቱይለሪ ገቡ። ላፋዬት ተመልሶ እነሱንም ትጥቅ አስፈታ። ጠዋት በአክራሪዎቹ፣ ማታ በመኳንንቱ ላይ ሕግ አስከበረ፤ ከሁለቱም ወገን ያተረፈው ጥላቻን ነበር። አንዱም ወገን ሌላው ትጥቅ መፍታቱን አላስታወሰለትም።

በኤፕሪል 18 ቀን ንጉሡ የፋሲካን ሰሞን በሴንክሉ ለማሳለፍ ሲነሣ ሕዝብ ሰረገላውን ከበበ። ላፋዬት መንገድ እንዲከፈት ቢያዝም የገዛ ወታደሮቹ አልታዘዝም አሉት። ንጉሡ ለሁለት ሰዓት ያህል በሰረገላው ውስጥ ተቀምጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመለሰ። ላፋዬት እንደገና ሥራውን ለቆ እንደገና ተለምኖ ተመለሰ።

ለዘብተኞቹ እርስ በርሳቸውም አልተባበሩም። ታላቁ ተናጋሪ ሚራቦ እንደ ላፋዬት ሕገ መንግሥታዊ ንጉሥ ይፈልግ ነበር፤ ነገር ግን በምስጢር የቤተ መንግሥቱ ደመወዝተኛ ሆኖ ንጉሡን ሲያማክር ላፋዬትን ያጣጥል ነበር። ላፋዬትም የሚራቦን ጠባይ ንቆ አብሮት ለመሥራት ፈቃደኛ አልሆነም። ሚራቦ በኤፕሪል 1791 ሞተ። ባርናቭና ባልደረቦቹም ከላፋዬት ጋር የታረቁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

የንጉሡ ሽሽትና የሻን ደ ማርስ ግድያ

በጁን 20 ቀን 1791 ሌሊት ንጉሡና ቤተሰቡ ልብሳቸውን ቀይረው ከፓሪስ አመለጡ። ቤተ መንግሥቱን የመጠበቅ ኃላፊነት የላፋዬት ስለነበር ጠዋት ሲነጋ ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ። በጃኮቢኖች ክበብ ዳንቶን ላፋዬት ወይ ከሃዲ ነው ወይ ለሥራው የማይበቃ ነው ሲል ከሰሰው። ላፋዬት ንጉሡ በአብዮቱ ጠላቶች እንደተጠለፈ አስመስሎ እንዲመለስ ትእዛዝ አወጣ። ንጉሡ በቫረን ከተማ ተይዞ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አክራሪዎቹ ላፋዬትን ንጉሡን ያስመለጠ ብለው ሲወቅሱት የንጉሡ ወገኖች ደግሞ ንጉሡን ያሳሰረ ብለው ጠሉት።

ሸንጎው ንጉሡ ተጠልፎ ነበር የሚለውን ታሪክ ተቀብሎ በዙፋኑ ለማቆየት ወሰነ። ብዙዎች በዚህ ተቆጡ። በጁላይ 17 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ንጉሡ እንዲወርድ የሚጠይቅ ማመልከቻ ለመፈረም በሻን ደ ማርስ ተሰበሰቡ። ጠዋት ከመድረኩ ሥር ተደብቀው የተገኙ ሁለት ሰዎች በሕዝቡ ተገደሉ። የከተማው ከንቲባ ባይ የጦር ሕግ አወጀ፤ ቀይ ባንዲራም ተሰቀለ። ከሰዓት በኋላ ላፋዬትና ብሔራዊ ዘብ ወደ ሜዳው ገቡ። ድንጋይ ተወረወረ፤ ተኩስም ተሰማ። በመጨረሻ ወታደሮቹ በሕዝቡ ላይ ተኮሱ። የሟቾቹ ቁጥር አከራካሪ ሲሆን ከ12 እስከ 50 እንደሚደርስ ይገመታል።

ይህ ቀን በላፋዬት ሕይወት ትልቁ ጠባሳ ነው። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡን ከጥይት፣ ንጉሡን ከሕዝብ ሲጠብቅ የኖረው ሰው አሁን ደም ያፈሰሰ አዛዥ ሆነ። ከሞቱት አብዛኞቹ ማመልከቻ ሊፈርሙ የመጡ እንጂ ሁለቱን ሰዎች የገደሉ አልነበሩም። ሕግ ለማስከበር በሚል የተወሰደው እርምጃ ለዘብተኞቹ ከሌሎች የሚለዩበትን ዋና ነገር አሳጣቸው። ከንቲባው ባይ በኖቬምበር 1793 በጊሎቲን ሲገደል ከተከሰሰባቸው ነገሮች ዋናው ይህ ግድያ ነበር።

የፖለቲካ ውድቀት

በዚያው ሰሞን ለዘብተኞቹ ከጃኮቢኖች ክበብ ወጥተው ፈያን የተባለ የራሳቸውን ክበብ አቋቋሙ። በሴፕቴምበር 1791 ንጉሡ ሕገ መንግሥቱን ሲቀበል ላፋዬት አብዮቱ የተፈጸመ መስሎት በኦክቶበር አዛዥነቱን ለቀቀ፤ እንደ ዋሽንግተን ወደ ገጠር ርስቱ ተመለሰ። በኖቬምበር ለፓሪስ ከንቲባነት ሲወዳደር በጃኮቢኖቹ እጩ በፔቲዮን ከእጥፍ በሚበልጥ ድምፅ ተሸነፈ። ቤተ መንግሥቱ የሚጠላው ለዘብተኛ ከሚያሸንፍ አክራሪው ቢያሸንፍ ይሻላል ብሎ ነበር።

በኤፕሪል 1792 ፈረንሳይ በኦስትሪያ ላይ ጦርነት ስታውጅ ላፋዬት ከጦር አዛዦቹ አንዱ ነበር። በጁን 20 ቀን ሕዝብ ቱይለሪ ገብቶ ንጉሡን ሲያዋርድ ሠራዊቱን ግንባር ላይ ትቶ ብቻውን ፓሪስ መጣ። በጁን 28 ቀን ሸንጎው ፊት ቀርቦ በጃኮቢኖች ላይ እርምጃ እንዲወሰድ ጠየቀ። ብሔራዊ ዘብን ሰብስቦ ክበባቸውን ለመዝጋትም አስቦ ነበር፤ ንግሥቲቱ ግን በእሱ ከመዳን መጥፋትን እንደመረጠች ይነገራል፤ እቅዱም ከሸፈ። ጃኮቢኖቹ ደግሞ ጦር አዛዥ ሸንጎውን ሊያስፈራራ መጣ አሉ። ክሱ ፍጹም መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ለሕግ መገዛትን ሲሰብክ የኖረው ጄኔራል በወታደራዊ ኃይል ለመጠቀም ተቃርቦ ነበር።

በኦገስት 8 ቀን ሸንጎው ላፋዬት እንዲከሰስ የቀረበውን ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ ጣለ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን የፓሪስ አመፀኞች ቱይለሪን ያዙ፤ ንጉሡም ከሥልጣን ወረደ። ላፋዬት ሠራዊቱን ለሕገ መንግሥቱ ለማስማል ሞክሮ አልሆነለትም። በኦገስት 19 ቀን ከሃዲ ተብሎ እንዲያዝ ሲወሰን ከጥቂት መኮንኖች ጋር ድንበር ተሻገረ። ዓላማው በገለልተኛ አገር በኩል ወደ አሜሪካ መሄድ ነበር።

እስር

ኦስትሪያውያን ያዙትና ለፕሩሲያ አስረከቡት። የአውሮፓ ነገሥታት በእነሱ ዘንድ የአብዮቱን እሳት የለኮሰው እሱ ስለሆነ ሊለቁት አልፈለጉም። በቬዘል፣ በማግደቡርግና በናይሰ እስር ቤቶች ከቆየ በኋላ በ1794 ለኦስትሪያ ተመልሶ ተሰጠና ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው ኦልሙትስ ታሰረ።

በኖቬምበር 1794 ጀርመናዊው ሐኪም ቦልማንና ወጣቱ አሜሪካዊ ፍራንሲስ ሁገር ሊያስመልጡት ሞከሩ። ሁገር በ1777 ላፋዬት አሜሪካ ሲደርስ በእንግድነት ያሳደረው ሰው ልጅ ነበር። ላፋዬት ከጠባቂዎቹ ቢያመልጥም መንገድ ተሳስቶ ተያዘ፤ እስሩም ጠነከረበት።

ፓሪስ የቀረችው አድሪየንም ታስራ ነበር። በጁላይ 22 ቀን 1794 አያቷ፣ እናቷና እህቷ በአንድ ቀን በጊሎቲን ተገደሉ። ከአምስት ቀን በኋላ ሮቤስፒዬር ከሥልጣን ወረደ። አድሪየን የአሜሪካ መልእክተኞች ባደረጉላት ጥረት ተርፋ በጃንዋሪ 1795 ተፈታች። ልጇን ዦርዥን ወደ አሜሪካ ላከች፤ እሷ ግን ቪየና ድረስ ሄዳ የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት አስፈቅዳ፣ በኦክቶበር 1795 ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ወደ ባሏ እስር ቤት ገባች። እዚያ ያደረባት ሕመም አልለቀቃትም፤ በዲሴምበር 1807 ሞተች።

ላፋዬት የተፈታው በሴፕቴምበር 19 ቀን 1797 ሲሆን ያስፈታውም ኦስትሪያን ያሸነፈው ጄኔራል ናፖሌዎን ቦናፓርት ነው። ይሁን እንጂ የፈረንሳይ መንግሥት በዚያው ወር ያደረገውን ግልበጣ ስላልደገፈ ወደ አገሩ እንዲገባ አልተፈቀደለትም።

በናፖሌዎንና በቡርቦኖች ዘመን

ናፖሌዎን በ1799 ሥልጣን ሲይዝ ላፋዬት ሳያስፈቅድ ወደ ፈረንሳይ ገብቶ ላ ግራንዥ በተባለው የባለቤቱ ርስት በግብርና ኖረ። በ1802 ናፖሌዎን የዕድሜ ልክ ቆንስል እንዲሆን በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ላይ ነጻነት ካልተረጋገጠ አልስማማም ብሎ ድምፁን ነፈገ። የቀረበለትን የክብር ሌጂዮን ሽልማትም አልተቀበለም። በ1815 ናፖሌዎን በዋተርሎ ከተሸነፈ በኋላ ምክር ቤቱ እንዳይበተን ተሟገተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሥልጣን እንዲለቅ ከጠየቁት አንዱ ሆነ።

የቡርቦን ነገሥታት ከተመለሱ በኋላ በ1818 ለምክር ቤት ተመርጦ የተቃዋሚዎች ድምፅ ሆነ። በዚህ ዘመን በሕጋዊ መንገድ ብቻ አልተወሰነም፤ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ንጉሣዊውን መንግሥት ለመጣል ከሚያሴሩ የምስጢር ማኅበራት ጋርም ግንኙነት ነበረው። በ1824 እና በ1825 በአሜሪካ ጋባዥነት የዚያን ጊዜዎቹን 24 ግዛቶች ሁሉ ጎበኘ። ኮንግረስ 200,000 ዶላርና መሬት ሰጠው።

የ1830 አብዮትና የመጨረሻ ዓመታት

በጁላይ 1830 ንጉሥ ሻርል 10ኛ የጋዜጦችን ነጻነት የሚያግድና ምክር ቤቱን የሚበትን ትእዛዝ ሲያወጣ ፓሪስ ተነሣች። የ72 ዓመቱ ላፋዬት እንደገና የብሔራዊ ዘብ አዛዥ ሆነ። ሪፐብሊካኖቹ እሱ ራሱ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ፈለጉ። እሱ ግን የእርስ በርስ ጦርነት ፈርቶ በጁላይ 31 ቀን በከተማው አዳራሽ ሰገነት ላይ የኦርሌያኑን መስፍን ሉዊ ፊሊፕን ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራ አልብሶ አቀፈው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ መስፍኑም ነገሠ። ሪፐብሊካኖቹ ይህንን እቅፍ ይቅር ሊሉት አልቻሉም።

በዲሴምበር የሻርል 10ኛ ሚኒስትሮች ለፍርድ ሲቀርቡ ሕዝቡ እንዲገደሉ ጮኸ። ላፋዬት የፉሎንና የበርቲዬ ዕጣ እንዳይደገም ብሔራዊ ዘብን አሰልፎ ጠበቃቸው። ሚኒስትሮቹ በዕድሜ ልክ እስራት ተቀጡ እንጂ በአደባባይ አልተገደሉም፤ በ1789 ያልተሳካለት በ1830 ተሳካለት። ሚኒስትሮቹ በሕይወት መትረፋቸው ግን ለላፋዬት ሥልጣን ማብቂያ ሆነ። በዚያው ሳምንት ምክር ቤቱ የብሔራዊ ዘብ ጠቅላይ አዛዥነትን ሰረዘ፤ እሱም ሥራውን ለቀቀ። ቀሪ ዘመኑን ያነገሠው ንጉሥ ቃሉን እንዳልጠበቀ በመውቀስ አሳለፈ።

ሞት

ላፋዬት በሜይ 20 ቀን 1834 በፓሪስ በ76 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በፒክፑስ መካነ መቃብር ከአድሪየን አጠገብ ነው። መካነ መቃብሩ በአብዮቱ ሽብር ዘመን በጊሎቲን ተገድለው በጅምላ ከተቀበሩ ከ1,300 በላይ ሰዎች ጎን ይገኛል፤ የአድሪየን አያት፣ እናትና እህት ከእነሱ መካከል ናቸው። በመቃብሩ ላይ የተነሰነሰው አፈር እሱ ራሱ ከአሜሪካ ከባንከር ሂል ያመጣው ነው። በ2002 አሜሪካ የክብር ዜግነት ሰጠችው።

ግምገማ

ስለ ላፋዬት የሚሰጡት ፍርዶች እስከ ዛሬ እንደተከፋፈሉ ናቸው። ወዳጁ ጀፈርሰን እንኳ የዝናና የሕዝብ ፍቅር ጥማት ድክመቱ መሆኑን ጽፏል። ሌሎች ተቺዎች ቆራጥ መሆን ሲገባው ያመነታ፣ የሻን ደ ማርስን ደም በእጁ ያስቀረ መሪ ነው ይሉታል። በዘመኑ ከሁለቱም ወገን የተሰነዘረበት ዋና ክስ በሁለት ቢላዋ ይበላል የሚል ነበር።

የሕይወት ታሪኩ ግን ይህን ክስ ለመቀበል ያስቸግራል። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ከአንዱ ወገን ቢጎድልበት ከሌላው ይሞላለታል፤ ላፋዬት ግን ከሁለቱም ወገን ሀብቱን፣ ነጻነቱንና ዘመዶቹን አጣ። ያለ ፍርድ የተገደሉትን ባለሥልጣናት፣ ንጉሡን፣ በኋላም ሚኒስትሮቹን ሊጠብቅ የሞከረው ስለወደዳቸው ሳይሆን ማንም ያለ ፍርድ መገደል የለበትም ብሎ ስለሚያምን ነበር። ይህንን መርሕ ራሱ የጣሰበት የሻን ደ ማርስ ቀን ከጠላቶቹ ውንጀላ ሁሉ በላይ ጎድቶታል። በ1789 ረቂቁን ያቀረበው የመብቶች መግለጫ ዛሬም የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት አካል ነው።